ድርጎው የቆመ ዕለት

አንድ የጎተራ ሹም ነበረ። ስሙ ያዜ ይባላል፤ የአገሩ ሰው ግን በማዕረጉ «በጅሮንድ» እያለ ነው የሚጠራው። ጎተራውን ሠላሳ ዓመት ሲጠብቅ አንድ ጊዜ እንኳ ስፍር አጎደለ ተብሎ ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። ንግግር ግን አይሆንለትም። ሰው በተሰበሰበበት ሊናገር ከተነሣ ምላሱ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ሸንጎ ሲጠራ በር አጠገብ ቆሞ ይሰማና ሲያበቃ ቁልፉን ይዞ ወደ ጎተራው ይመለሳል።

አገሩ ከትልቅ ወንዝ ዳር የተቀመጠ ነው። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ሜዳውን እንዳይውጠው አባቶች ረጅም የአፈርና የድንጋይ ግድብ ሠርተዋል። ይህን ግድብ ዓመቱን ሙሉ የሚጠግኑ ሠራተኞች አሉ፤ ሰውን ከወዲያ ወዲህ የሚያሻግሩ ታንኳ ቀዛፊዎች አሉ፤ አዋላጆችም አሉ። እነዚህ ሁሉ የራሳቸውን እርሻ ትተው አገሩን የሚያገለግሉ ስለሆኑ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ከምርቱ ጥቂት ጥቂት ወደ አገሩ ጎተራ ያስገባል፤ እነሱም ቀለባቸውን ከዚያ ይቀበላሉ።

ለማን ስንት እንደሚሰጥ በየዓመቱ የሚወስነው ሸንጎው ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ወራሽ ሳይተው ሲሞት አገሩን ለአሥራ አንድ የሸንጎ አባላት አደራ ሰጥቶ፣ አንድ ሕግ በብራና አስጽፎ አለፈ። ሕጉ ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ካልተስማሙ ጎተራው ተዘግቶ ይቆይ የሚል ነው። ንጉሡ ይህን ያደረገው ማንም ጉልበተኛ ብቻውን ተነሥቶ የሕዝቡን እህል እንዳያድል ብሎ ነበር፤ ደግ ሕግም ነበር። ሸንጎው ሁልጊዜ በመጋቢት መጨረሻ ተቀምጦ በሁለት በሦስት ቀን ስለሚጨርስ የጎተራው መዘጋት ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

በዚያ ዓመት ግን ነገር ተበላሸ። የላይ አገር ሰዎች የዘንድሮው እህል ወደ ገበያ ለሚወስድ አዲስ መንገድ ይዋል አሉ። የታች አገር ሰዎች ግድቡ አርጅቷል፣ ክረምት ሳይገባ ይታደስ አሉ። የላዮቹ መሪ ፊታውራሪ ገሠሠ ነበሩ፤ ባለ ብዙ ርስት፣ አንደበታቸው የተባ፣ ሲናገሩ ባላጋራቸው እንኳ አፉን ከፍቶ የሚሰማቸው ሰው። እሳቸው ካሉበት ወገን አምስት ሰው ሆነ፣ ከታቹ ወገን ስድስት፤ ስምንት የሚሞላ ጠፋ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ፣ ሚያዝያ ተጋመሰ። በአዳራሹ ንግግሩ ይፈሳል፣ ተረቱ ይተረታል፣ አንዱ የሌላውን አያት እያነሣ ይወጋል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።

ታንኳ ቀዛፊዎቹ ቀለብ ባጡ በሦስተኛው ሳምንት መቅዘፊያቸውን ሰቅለው ወደ ቀን ሥራ ሄዱ። ከማዶ ምጥ የያዛትን አንዲት ሴት የሚያሻግራት ጠፍቶ ባሏና ወንድሟ በእንጨት ርብራብ ላይ አስተኝተው እየዋኙ አሻገሯት። ከግድቡ ሠራተኞችም ግማሾቹ አካፋቸውን ጥለው ተበተኑ።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ወትሮው ቀጠለ። በየቅዳሜው ለሸንጎው አባላት ድርጎ ይወጣል፤ ጤፍና ማር በአሥራ አንድ አህያ ተጭኖ በየቤታቸው ይደርሳል። ይህ በብራናው ላይ አልተጻፈም። ያዜ ከሱ በፊት የነበረው ሹም ሲያደርግ ስላየ ያደርገዋል፤ ያም ከሱ በፊት የነበረው ሲያደርግ ስላየ ያደርገው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጧት አህዮቹ ሲጫኑ ቸኮል የሚባል የግድብ ሠራተኛ ባዶ ስልቻ በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጎተራው በር መጣ። ሃያ ዓመት በግድቡ ላይ የኖረ ሰው ነው። ጭነቱን ሲያይ ቆየና በትሕትና ጠየቀ።

«በጅሮንድ፣ ጎተራው ተዘግቷል ብለውን አልነበረም?»

«ተዘግቷል።»

«ይሄ ታዲያ ከየት ወጣ?»

ያዜ ወደ ተጫኑት አህዮች ዞረ። ቸኮል ግን ነገሩን ለጠብ አልፈለገውም። ሌላ አገር ሄዶ ጉልበቱን ሊሸጥ እንደሆነ፣ ልጆቹንም ለእህቱ አደራ እንደሰጠ ነገረው። የመጣው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ግድቡ ከሥሩ ውኃ ማፍሰስ ጀምሯል። እሱ ለጊዜው በድንጋይ ወትፎታል፤ ሰኔ ሳይገባ ደህና ተደርጎ ካልተገነባ ግን ያ ቦታ ክረምቱን አይችልም። ለሚመለከተው ሰው እንዲነግርለት ለመነውና ባዶ ስልቻውን እንደያዘ መንገዱን ቀጠለ።

ያዜ ከኋላው ሲያየው ቆመ። የተራበው ሰው እህል ሊለምን ሳይሆን ስለ ግድቡ ሊያሳስብ መምጣቱ አንጀቱን በላው። አህዮቹ ግን ተጭነው አልቀው ነበርና ሄዱ።

ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ጎተራው ውስጥ ብቻውን ገባና ብራናውን ከሳጥኑ አወጣ። ሠላሳ ዓመት ቁልፉን ሲይዝ ሕጉን በቃሉ የሚያውቀው ይመስለው ነበር፤ አሁን በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበው። «ሸንጎው እስኪስማማ ድረስ ከጎተራው አንዲት ፍሬ አትውጣ» ይላል። ከሸንጎው ድርጎ በቀር የሚል ቃል ፈለገ። የለም። ደግሞ አነበበ፤ ሦስተኛም አነበበ። የለም። ከጎተራው ሹም ቀለብ በቀር የሚልም የለም።

ይህ የኋለኛው ይበልጥ አስደነገጠው። የሌላውን ሰው ስልቻ ባዶውን ሲመልስ እሱ ራሱ የወሩን ቀለብ ወስዶ ኖሯል። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሽታዬ ሁሉንም ነገራት፤ ቸኮል ያለውን፣ ብራናው የሚለውን፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሊያደርግ ያሰበውን። ሽታዬ እስከ መጨረሻው ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የእኛስ?»

«የእኛም ይቆማል።»

ሽታዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች፣ ጎታውንና እንቅቡን ሁሉ ከፍታ አየችና ተመለሰች።

«ለሦስት ሳምንት የሚሆን ባቄላ አለን» አለችው። «ከዚያ ወዲያ አንተ ታውቃለህ።»

ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አንሥታ አላማረረችም።

ቅዳሜ ሲሆን የአህያ ነጂዎቹ መጡ። ያዜ በሩን አልከፈተም። አሥራ አንዱም አህዮች ባዶአቸውን ተመለሱ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላም ሸንጎው አስጠራው። ወሬው ቀድሞት ስለነበር አዳራሹ እስከ ደጁ በሰው ሞልቷል። ፊታውራሪ ገሠሠ አልተቆጡም። ረጋ ብለው ጠየቁት።

«ድርጎውን እንድታቆም ማን ፈቀደልህ?»

ያዜ ንግግር መሞከሩንም ተወውና ብራናውን ዘርግቶ ሕጉን አነበበ። ፊታውራሪ ፈገግ አሉ።

«እሱ ስለ ቀለብ የተጻፈ ነው። ድርጎ ቀለብ አይደለም፤ የሸንጎው ክብር ነው።»

«እህሉ ግን አንድ እህል ነው፣ ጌታዬ» አለ ያዜ። «የሚወጣውም ከአንድ ጎተራ ነው። የኔንም አቁሜዋለሁ።»

ከኋላ ከቆመው ሕዝብ ማጉረምረም ተሰማ። ፊታውራሪ ሰውየው ይሻር ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሹም ለመሻርም የስምንት ሰው ስምምነት ያስፈልጋል፤ የታች አገር አባላት ደግሞ ድርጎው መቅረቱ ቢያናድዳቸውም፣ በያዜ ቦታ የላዮቹ ሰው ይሾማል ብለው ፈሩና እምቢ አሉ። እንዲህ ሆኖ ሸንጎው እሱን ለመሻር እንኳ ሳይስማማ ቀረ። ያዜም ቁልፉን ይዞ ወጣ፤ በደጅ የነበረው ሰው መንገድ እየለቀቀ እጅ ነሣው።

ያዜ ድርጎው ከቆመ ሸንጎው በሳምንት ውስጥ የሚስማማ መስሎት ነበር። አልሆነም። ፊታውራሪ ገሠሠ የራሳቸው አምስት ጎተራ አላቸው፤ ድርጎው ቢመጣም ባይመጣም ገበታቸው አልጎደለም። ነገሩ የተሰማው በሦስት ድኻ አባላት ቤት ነው፤ ሦስቱም የታች አገር ሰዎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ጠንክር የሚባል ሸማኔ ነበር። ሰው በሐቀኝነቱ መርጦ ሸንጎ ካስገባው ጀምሮ ሥራውን እምብዛም አይሠራም፤ ስድስት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው በድርጎው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በጉን ሸጠ። በሁለተኛው ሳምንት ከፊታውራሪ ቤት አንድ አሽከር አንድ ዳውላ ጤፍ ጭኖ ደጁ መጣ። መልእክቱ አጭር ነው፤ ወንድሜ ነህና ብላ፣ የመንገዱ ነገር ሲነሣ ደግሞ አስበኝ። ለሌሎቹ ሁለት ድኾችም እንዲሁ ያለ ጤፍ፣ እንዲሁ ያለ መልእክት ደረሳቸው። አምስትና ሦስት ስምንት ነው። ሁለቱ ጤፉን ተቀብለው ዝም አሉ። ጠንክር ግን አሽከሩን አመስግኖ አህያውን ከነጭነቱ መለሰ።

ይህ ወሬ ያዜ ጆሮ ሲደርስ ክው አለ። ለፍትሕ ብሎ የዘጋው በር ለሀብታሙ መሣሪያ ሆኗል፤ መንገዱ ይሠራል፣ ግድቡ ይቀራል፣ ይህንም ያደረገው እሱ ነው። ወዲያው ወደ ጠንክር ቤት ሄደ። ሁለቱ አብሮ አደግ ናቸው። ጠንክር ደጁ ላይ ተቀምጦ የሸማ ክር ሲያዳውር አገኘው።

«ይቅር በለኝ» አለው ያዜ። «እሳቸውን ላገኝ ብዬ የመታሁት አንተን ነው። ድርጎውን ልመልሰው?»

ጠንክር እጁን ከሥራው ሳያነሣ አሰበ።

«አትመልስ። ያደረግኸው ትክክል ነው፤ ግን ግማሹን ነው ያደረግኸው። ረኃብ የኔን ቤት ደህና አድርጎ ያውቀዋል፤ የፊታውራሪን ቤት ግን አያውቀውም። እንግዲህ እሳቸው ናቸው ወደ ረኃቡ መሄድ ያለባቸው።»

ከዚያ ግድቡ ውኃ የሚያፈስበት ቦታ የቱ እንደሆነ ጠየቀው። ያዜም ቸኮል የነገረውን ነገረው።

በማግስቱ ጠንክር በሸንጎው መካከል ተነሣ። ማንንም ለማስገደድ ሥልጣን እንደሌለው ተናገረ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን ድምፄን የሚፈልግ ግድቡ ላይ ያገኘኛል» አለ። «እዚያ ከቀሩት ሠራተኞች ጋር ድንጋይ አቀብላለሁ፤ እነሱ የሚበሉትንም እበላለሁ።» ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። ጤፍ የተቀበሉት ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ተከተሉት። ሌሎቹም የታች አገር አባላት፣ «ሦስቱ ብቻቸውን ሄደው እኛ አዳራሽ ብንቀመጥ ሕዝቡ ምን ይለናል?» ብለው ተነሡ። አዳራሹ ውስጥ አምስት ሰው ቀረ። ፊታውራሪ ገሠሠ ያን ቀን ለአራት ጓደኞቻቸው ሲናገሩ ዋሉ። በማግስቱ ያለ ስድስቱ ስምንት እንደማይሞላ ገባቸውና በቅሏቸውን አስጭነው ወደ ግድቡ ወረዱ፤ አራቱም ተከተሏቸው።

የደረሱት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የመንደሩ ሴቶች ከየቤታቸው ያዋጡትን ንፍሮ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሽታዬም ከባቄላዋ አንድ ሳህን አምጥታለች። ሠራተኞቹና የሸንጎው አባላት ጭቃ ለብሰው፣ በአፈሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እፍኝ ይታደላል። የፊታውራሪ አሽከሮች ትንሽ ራቅ ብለው ምንጣፍ አነጠፉና ከቤት የመጣውን የዶሮ ወጥ አቀረቡ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሁሉም ዓይኑን ወደ እፍኙ አድርጎ ያኝካል። ፊታውራሪ አንድ ጉርሻ ጠቀለሉ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉና መልሰው አስቀመጡት። አሽከሮቻቸውን ጠርተው ምግቡን ወደ መካከል አስወሰዱ። ለሠላሳ ሰው አንድ አንድ ጉርሻ እንኳ በቅጡ አልደረሰም። እሳቸው ከሽታዬ ሳህን እፍኝ ባቄላ ተቀበሉ፣ አመሰገኗትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤታቸው ምግብ አላስመጡም።

ከሰዓት በኋላ፣ ከሽታዬ ጋር የመጣው ያዜ አሥራ አንዱንም ወንዙ ወደሚታጠፍበት ቦታ ወሰዳቸው። ቸኮል በወተፈው ድንጋይ መካከል ውኃው እየተንጠባጠበ ከሥር ያለውን አፈር አረስርሶታል። ፊታውራሪ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ጭቃው ውስጥ ከተቱ፤ እስከ ክንዳቸው ገባ። አውጥተው ሲያዩት ቆዩ።

በሦስተኛው ቀን በደጋው ዝናብ ጣለና ወንዙ ሳይታሰብ በሁለት ክንድ ከፍ አለ። ሲንጠባጠብ የነበረው ውኃ መፍሰስ ጀመረ፤ ድንጋዮቹም ተራ በተራ ተገፉ። ሸንጎ ነው፣ ሠራተኛ ነው የሚባል ነገር ቀረ። ከድንጋዩ ክምር እስከ ውኃው ድረስ ሰው በሰልፍ ቆሞ ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላል። የስድሳ ዓመቱ ፊታውራሪ ገሠሠ ካባቸውን አውልቀው ከጠንክር ተቀብለው ለአንድ ተሸካሚ ሲያቀብሉ ዋሉ። ማዕረጋቸውን እየጠራ «ይረፉ» የሚላቸው ቢኖርም አልሰሙትም። ሊመሽ ሲል ውኃው ቆመ። ሁሉም ባለበት ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ፊታውራሪ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና ከዚያ ሁሉ ዘመን ንግግራቸው አጭሩን ተናገሩ።

«መንገዱ ቢዘገይ ገበያ ይርቀናል። ይሄ ቢዘገይ አገር የለንም።»

ጠንክርም ይህን ቃል ተቀብሎ ብቻ አልተወም። የላዮቹም ችግር እውነት ነው አለ፤ መንገድ አጥቶ እህሉ የተበላሸበትን ገበሬ ያውቃል። የዘንድሮው እህል ለግድቡ ይሁን፤ መኸር ሲገባ ደግሞ የታች አገር ሰው በሙሉ ለላዮቹ መንገድ ጉልበቱን ያዋጣ አለ። አሥራ አንዱም እጃቸውን አነሡ። ከወር በላይ በአዳራሽ ጠፍቶ የከረመው ስምምነት በጭቃ ላይ በአራት ቀን ተገኘ።

ያዜ ጎተራውን ከፈተ። መጀመሪያ የግድቡ ሠራተኞች፣ ታንኳ ቀዛፊዎቹና አዋላጆቹ የቀረባቸውን ሳምንታት ጭምር ተቀበሉ። ከዚያ አንዱ አባል ያልተሰጠን ድርጎስ ብሎ ጠየቀ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ጠንክር ነበር፤ የመለሰውም እሱ ነው። «ሥራችንን ያልሠራንበት ነው» አለ፤ ነገሩም በዚሁ ቀረ። የያዜ ቀለብ ግን ይከፈለው ተባለ። ያዜ አልፈልግም ሊል አፉን ሲከፍት ሽታዬ ቀደመችውና፣ እሱ ሥራውን አንድ ቀን አላቋረጠም ብላ ስልቻውን ተቀበለች። ሁሉም ሣቁ፤ ደግም አደረገች።

በብራናውም ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። «ለሸንጎውም ቢሆን አትውጣ፤ ሸንጎውም እስኪስማማ ግድቡ ላይ ይቀመጥ፣ ግድብ ጠጋኙ የሚበላውን ይብላ» ይላል። መስመሩን የጻፉት ፊታውራሪ ገሠሠ ናቸው። ቸኮል ወሬውን ሰምቶ በግንቦት መጨረሻ ተመለሰ፤ የወንዙን መታጠፊያ በደንብ አድርጎ የገነባውም እሱ ነው። በነሐሴ ውኃው ከግድቡ አፍ አንድ ክንድ እስኪቀረው ሞላና ሳያልፍ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሸንጎ ከአምስት ቀን በላይ ተጣልቶ አያውቅም ይባላል።

ወገኖቼ፣ የዚህ ታሪክ ምሥጢር ሩቅ አይደለም። አባቶች «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላሉ፤ የሌላውን እንጀራ የሚቆርስ ሰው የራሱ እንጀራ የማይነካ ከሆነ ለመስማማት የሚያስቸኩለው ነገር የለም። የሕግ አውጪ ደመወዝ ሕዝቡ ሲቸገር አብሮ መቆሙ ቅጣት አይደለም፤ ከሚመራው ሕዝብ ጋር አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ ነው። ይሁንና ድርጎ ማቆም ብቻውን አይበቃም፤ ድኻውን ያስርብና ሀብታሙን ያጎለብት ይሆናል። ሥልጣን ያለው ሰው ችግሩ ያለበት ቦታ ድረስ ወርዶ በእጁ ሊነካው ይገባል። የሌላውንም ለማቆም አፍ የሚኖረው መጀመሪያ የራሱን ያቆመ ነው። ያዜ ተናጋሪ አልነበረም፤ «የኔንም አቁሜዋለሁ» የምትለው ቃሉ ግን ከሁሉ ንግግር በለጠች።

እርስዎስ፣ ቁልፉ በእጅዎ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚዘጉት የማንን ስልቻ ነበር?